ሁለት እንጨት የጎደላት ክብሪት

እናቴ ሐዋ ክብሪት አትገዛም ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ ስለ እሷ የማውቀው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ደሴ ላይ፣ ሆጤ ሰፈር፣ የጦሳ ተራራ ጉም ገና ከጣሪያው ሳይነሳ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ገል ታስይዘኝና «ሂጂ፣ እማማ አትጠገብ ዘንድ እሳት ጭረሽ ነይ» ትለኛለች።

እሳት መጫር ዱሮ ነውር አልነበረም ይባላል። ጎረቤት ከጎረቤት ፍም ይዋሳል፤ ገሉ ላይ አመድ ይነሰነሳል፣ ፍሙ ይቀመጣል፣ በላዩ ደግሞ አመድ ይለብሳል። እኔ ሳድግ ግን ክብሪት በየሱቁ ሞልቶ ነበርና በሰፈሩ ውስጥ እሳት ጫሪ ከእኔ በቀር አልነበረም። ቤታችንና የእማማ አትጠገብ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። የእኛ በር ወደ ግቢው፣ የሳቸው ወደ መንገዱ ስለሆነ ግን ዞሬ፣ ቦኖውን አልፌ መሄድ ነበረብኝ። ቦኖው ላይ የሰፈሩ ልጆች ጀሪካናቸውን ደርድረው ውኃ ይጠብቃሉ። ከውኃው ይልቅ የሚጠብቁት እኔን ይመስለኝ ነበር።

«መጣች እሳት ጫሪዋ! ገለል በሉ እንዳታቃጥላችሁ!» ትላለች ጽናት፣ የክፍሌ ልጅ። «ከይሪያ፣ እናትሽ ክብሪት ስታይ ያማታል የሚሉት እውነት ነው?»

እርምጃዬን አፍጥኜ አልፋለሁ። ገሉን በቀሚሴ ስር ብሸሽገው ደስ ባለኝ፤ ግን ስመለስ ፍም ይኖርበታል።

ደግሞ ክብሪት ብቻ ቢሆን ጥሩ። እኛ ቤት የሳሙና ቁራጭ አይጣልም፤ ባረጀ ካልሲ ውስጥ እየተጠራቀመ ይታሰርና ካልሲው ራሱ ሳሙና ይሆናል። አባቴ ኑርሁሴን ፒያሳ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርና መጋረጃችን፣ የትራስ ልብሳችን፣ የእኔም ቀሚስ ከሰው ልብስ የተረፈ ቁራጭ ነው። አንዱ እጅጌዬ የአስተማሪ ሱሪ፣ ሌላው የሙሽራ ገበር ነበር። ሻያችን ስኳር አያውቅም። እማዬ አንዲት ከረሜላ በጥርሷ ለሁለት ትሰብርና ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለታናሽ ወንድሜ ለሙንዚር ትሰጣለች። እሱን ጉንጫችን ውስጥ ይዘን መራራውን ሻይ በላዩ እናሳልፋለን።

«እንዳትቆረጥሙ! የቆረጠመ ሁለተኛውን ብርጭቆ እንዲያው ነው የሚጠጣው!»

እስከ ዛሬ ከረሜላ መቆርጠም አይሆንልኝም።

ከሁሉም የሚያሳፍረኝ አምፖሉ ነበር። ከእማማ አትጠገብ ጋር በምንጋራው ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ጭብጥ የሚያህል ቀዳዳ አለ። አምፖላችን የሚንጠለጠለው እዚያ ውስጥ ነው። ግማሽ ብርሃኑ ለእኛ፣ ግማሹ ለሳቸው። «አንድ አምፖል ሁለት ቤት ቢያበራ ምን ያንሰዋል?» ትላለች እማዬ። አምፖል እንኳ ለብቻችን የለንም እያልኩ አዝን ነበር። ቆጣሪው የእኛ እንደሆነ፣ የሚከፍለውም አባቴ ብቻ እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እማማ አትጠገብ ጥጥ ፈታይ ነበሩ። ባላቸው ሞቷል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግን ኩሩ ናቸው። አንድ ክረምት የማኅበር ሴቶች እህል ቢያመጡላቸው «እጇ ተቆርጧል ያላችሁ ማነው?» ብለው ከነስልቻው መልሰዋል። በራቸውን ስመታ መጀመሪያ የሚሰማኝ ማቃሰት ነው፤ ቀጥሎ በትር፤ ቀጥሎ ስድብ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«እኔ ማን? እሳት ጫሪዋ? ዛሬም ክብሪት አልተገዛም? ይቺ እናትሽ በምጽአት ቀንም ከሲኦል ፍም ልትዋስ ነው!»

ብዙ ጊዜ እሳታቸው ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ያኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪያነዱ እጠብቃለሁ። እማዬ አጥብቃ የምትነግረኝ ይህንኑ ነው፦ «ቢዘገዩም ጠብቂ። ሳይሰጡሽ እንዳትመለሺ። ከቁርሳቸው ካቀመሱሽ እንቢ አትበይ።» እሳቸውም ፍሙን እፍ እያሉ ይነጫነጫሉ። «እኔ ባልነሳ እኮ እናንተ ጦማችሁን ነው የምትውሉት! ምን ይደረግ፣ ጎረቤት ነው!» ይህን ሲሉ ፊታቸው ቦግ ይላል። የሚያበራው ምድጃው ይመስለኝ ነበር።

በየሳምንቱ ደግሞ እማዬ አንድ ጣሳ ከሰል ታስይዘኛለች። «የእሳታችን ድርሻ ነው በያቸው፤ በነፃማ አንጭርም።» እማማ ድርሻ ነው ከተባለ ይቀበላሉ፤ እንዲያውም «ጣሳው ዛሬ ጎድሏል» ብለው ይቆጣሉ። አንድ ጣሳ ከሰል ከአንድ ክብሪት እንደሚበልጥ ለእኔ እንኳ ግልጽ ነበር። ስለዚህ እናቴ ቋጣሪ ብቻ ሳትሆን ሒሳብ የማይገባት ቋጣሪ ናት ብዬ ደመደምኩ። እውነቴን ነው፣ አዘንኩላት።

ይህን የምጽፈው መምህርት ሰዒዳ ስላዘዘችን ነው። አሁን ኮምቦልቻ እኖራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ እናቶች የምንማርበት ክፍል አለ። ከሁለተኛ ክፍል አቋርጬ ፊደሉን ሁሉ ረስቼ ነበርና እንደገና የያዝኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። «ቤታችሁ ውስጥ ወጪ የምትቀንሱበትን መንገድ ጻፉ» አለችን። እኔ ጭንቀታም ነኝ፤ እንዳልሳሳት ብዬ ሦስት ቀን ወረቀቱን ሳልነካው ቆየሁ። ከዚያ መብራት አጠፋለሁ፣ ዘይት በማንኪያ እለካለሁ ብዬ ጀመርኩ። እጄ ግን ሄዶ ሄዶ ክብሪት ላይ ቆመ።

አንድ ረቡዕ፣ ራት በልተን ሳንጨርስ፣ በአምፖሉ ቀዳዳ የወንድ ድምፅ መጣ። አግማስ ነበር፤ የእማማ አትጠገብ የእህት ልጅ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል።

«እትዬ፣ ይህ ብርድ ይገድልዎታል። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ቤት አለኝ፤ ይምጡና ይረፉ።»

«ቤት እያለኝ ሰው ቤት?»

«ከአልጋ መነሳት አቅቷቸዋል ይሉኛል።»

«ማነው ያለህ? ምላሱ ይታሰር! እኔ ነኝ በየማለዳው ተነስቼ ለጎረቤት እሳት የምሰጠው!»

«እሺ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ተነስተው፣ እሳትዎን አንድደው ካገኘሁዎት ዳግመኛ ይህን ነገር አላነሳም። ተኝተው ካገኘሁዎት ግን ዕቃዎን ጭኜ ነው የምንሄደው።»

«ና! ቅዳሜ ና! ገመድም ይዘህ ና!»

እማዬ እጇ ከሳህኑ ላይ ደርቆ ቀረ። አባቴን በሹክሹክታ «ከወሰዳቸውማ አለቀ» አለችው። «እዚያ ማን ይፈልጋቸዋል? ተቀምጠው ነው የሚያልቁት።»

«እሳቱ እንዳይቋረጥ እንጂ» አለ አባቴ።

«እኔ ደግሞ ቅዳሜ ኩታበር ነኝ። የእህቴ ልጅ ስም የሚወጣለት ያን ቀን ነው፤ ብቀር ትቀየመኛለች።»

«ከይሪያ አለች አይደል? እንደ ሁልጊዜው ሄዳ ትጭራለች። አብሽሪ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔ ከረሜላዬን እየመጠጥኩ የማልሰማ መሰልኩ። ነገሩ ግን ገብቶኛል፤ የእናቴ የጎረቤት እሳት ኮምቦልቻ ሊሄድባት ነው። ከእንግዲህ ክብሪት ልትገዛ ነውና ጨነቃት።

በማግስቱ ሻሽ ፍለጋ የእማዬን ሳጥን ስበረብር፣ ከልብሶቿ ሁሉ ስር፣ በአረንጓዴ ቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ገባ። ፈታሁት። ክብሪት! አዲስ፣ ሙሉ፣ አንድም ያልተጫረባት። ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ። እኔ በዚያ ብርድ ገል ይዤ ስንከራተት፣ ጽናት በቦኖው መሀል ስትስቅብኝ፣ እናቴ ክብሪት እንደ ወርቅ ሸሽጋ ታስቀምጣለች! ሰው እንዴት ያለውን ክብሪት ይቆጥባል?

ቅዳሜ ደረሰ፤ እማዬ አርብ ኩታበር እንደሄደች አልተመለሰችም። አባቴ ሱብሒ ሰግዶ «እሳቱን አትርሺ» ብሎኝ ወደ ፒያሳ ወረደ። ገሉ በሩ አጠገብ ቆሞ ያየኛል። እኔም አየሁት። ከቦኖው የጽናት ሳቅ እስከ ቤታችን ይሰማል።

ሳጥኑን ከፈትኩ።

የአባቴን ቁራጭ ጨርቅ ላምባ ነክሬ ከሰሉ ስር አደረግሁ። ክብሪቷን ጫርኩ። ያ ድምፅ፣ ያ ሽታ! ጨርቁ ቦግ አለ። ሙንዚር መደቡ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። የጠቆረችውን እንጨት ከእጄ ጣልኳት፤ ክብሪቷን በጨርቋ ጠቅልዬ መለስኩና ሳጥኑን እንደነበረ ዘጋሁ፤ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ሻዩ ሲንተከተክ እንደ ንግሥት እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ። ገልም የለ፣ ቦኖም የለ፣ ስድብም የለ። ዘመናዊ ሰው ሆንኩ።

ከግድግዳው ወዲያ የሆነውን እማማ በኋላ መቶ ጊዜ አውርተውታል። ያን ሌሊት ጉልበታቸው ክፉኛ አሟቸው ነበር። ልጅቱ ስትመታ እነሳለሁ ብለው ጋደም አሉ። በሩ አልተመታም። ጠበቁ። አሁንም አልተመታም። «ልጅቱ ታማለች» አሉ፤ «ያለዚያ አትቀርም። እናቷም የለች። እነዚያ ሕፃናት ብርድ ላይ ናቸው።» አግማስን ረሱት፤ ጉልበታቸውን ረሱት። ተነሱ፣ አነደዱ፣ ገል ፈልገው ፍሙን አደረጉ፣ በትራቸውን ይዘው ከመስከረም ወዲህ ረግጠውት የማያውቁትን መንገድ ወጡ።

እኔ የሰማሁት ጫጫታውን ነው። በበሩ ስንጥቅ ባይ እማማ አትጠገብ በአንድ እጃቸው በትር፣ በአንድ እጃቸው የሚጨስ ገል ይዘው ወደ ግቢያችን ይገባሉ። የቦኖው ልጆች በሙሉ ጀሪካናቸውን ጥለው ተከትለዋቸዋል፤ ጽናት ከፊት ናት። ከኋላ ደግሞ አግማስ፣ ጠምጥሞ የያዘውን ገመድና ሁለት ባዶ ጆንያ ታቅፎ፣ እየሮጠ።

«እትዬ! እትዬ፣ ልያዝልዎት!»

«አትንካኝ! እሳት ነው፣ ትቃጠላለህ!»

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። እሳታችንን ካዩ ክብሪቱ ታወቀ፤ ክብሪቱ ከታወቀ እማዬ ትሰማለች፤ እማዬ ከሰማች ቆዳዬን ትገፈዋለች። ማንቆርቆሪያውን በጨርቅ ይዤ የፈላውን ሻይ በሙሉ ምድጃው ላይ ገለበጥኩት። ቤቱ ሺሽሽ ብሎ ጮኸ። ጭስና እንፋሎት ዓይናችንን አጠፋው።

በሩ ተከፈተ።

«ከይሪያ! ታመምሽ ወይ ልጄ?»

«አልታመምኩም እማማ።»

«ታዲያ ምነው ቀረሽ? ይሄ ሁሉ ጭስ ምንድን ነው?»

«እሳት… እሳት እያነደድኩ ነበር። እንቢ አለኝ።»

«ያለ ፍም?»

«ያለ ፍም።»

ሙንዚር ጣቱን ወደ ምድጃው ቀሰረ። «ነዶ ነበር! ቦግ ብሎ እኮ…» ለቁርስ የተቀመጠችውን ከረሜላ አንስቼ፣ ሙሉዋን፣ ሳልሰብር አፉ ውስጥ ከተትኩ። በሕይወቱ ያልተሰበረ ከረሜላ አግኝቶ አያውቅም። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ምድጃውን ረሳው።

እማማ አትጠገብ ጭሱ መሀል ቆመው አንድ ጊዜ አሸተቱ። ምድጃውን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በዚያ ጉም ሰፈሩን ሁሉ በሚያሰማ ድምፅ፣ «አግማስ!» አሉ። «አየህ? አየህልኝ? አንድ ቀን ብዘገይ፣ አንዲት ቀን፣ ሕፃናቱ በጭስ ሊያልቁ! እኔን ጭነህ ስትሄድ ለእነዚህ ማን ሊያነድላቸው ነው? አንተ ከኮምቦልቻ ፍም ልትልክላቸው ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። አግማስ ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ እንኳ ያልተንቀጠቀጠውን የአክስቱን እጅ አየ፤ ገሉን አየ። ጆንያዎቹን አጣጥፎ ብብቱ ስር አደረገ። «እኔስ የኮምቦልቻን ዳገት ፍም ይዤ አልወጣውም፤ በመድኃኔዓለም» አለና እሱም ሳቀ። «በቃ እትዬ። አፌን ዘጋሁ።»

እማማ እሳታችንን ሊያነዱ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ሲሉ መሬት ላይ የወደቀችውን የጠቆረች የክብሪት እንጨት በበትራቸው ጫፍ ወደ አመዱ ውስጥ ገፋ አደረጓት። ቤቱን የሚያጸዱልኝ መሰለኝ። አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያ ቤት ምን ያህል ላምባ ላምባ ይሸት እንደነበር ሳስታውስ፣ የእማማ አፍንጫ ደግሞ እስከ መጨረሻው ደህና እንደነበረ ሳስታውስ፣ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቦኖው ላይ ስሜ ተለወጠ። «የከይሪያ እሳት እኮ በእግሯ ሄዳ ነው የምትመጣላት!» ትል ጀመር ጽናት፤ ሳምንትም ሳይሞላ የተሰበረ ጋን ስባሪ ይዛ «እኔም ልጫር» ብላ ተከተለችኝ። ቤታቸው ቡታጋዝ ነበራቸው። እማማም «ደግሞ ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ?» ብለው እየተሳደቡ፣ ማልደው እየተነሱ፣ አነደዱ። እማዬ ከኩታበር ተመልሳ ታሪኩን በአምፖሉ ቀዳዳ ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የጎረቤት እሳቷ ስለተረፈላት ነው አልኩ።

እማማ አትጠገብ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። በቤታቸው፣ በአልጋቸው፣ ከፋሲካ ማግስት ዐረፉ። በተቀበሩ በማግስቱ ጠዋት፣ ትልቅ ልጅ ሆኜ ሳለ፣ እጄ በልማዱ ገሉን አነሳ። እማዬ ከእጄ ወሰደችውና ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። ሳጥኗን ከፈተች፣ አረንጓዴዋን ጨርቅ ፈታች፣ ክብሪቷን ጫረች። ምድጃው ሲያያዝ ቆማ አየችው።

«እማዬ» አልኩ፣ «ክብሪት እያለን ለምን ነበር?»

«እሳቸው እንዲነሱ ነዋ። ሰው የሚፈልገው ሰው ካለ ይነሳል» አለች። «እህል ብሰጣቸው አይቀበሉኝም። እሳት ስለምናቸው ግን እኔ ነበርኩ ለማኟ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የልጅ አፍ ወንፊት ነው። ይህቺን ክብሪት የገዛኋት እማማ በሩን ሳይከፍቱ ለሚቀሩባት ቀን ነበር።» ከዚያ ክብሪቷን ወደ መስኮቱ አቅርባ ውስጧን አየች፤ በጎን በኩል እኔን አየችኝ፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ መጣ። «ሁለት ጎድሏታል። እኔ የጫርኳት አንድ ናት።»

ክብሪቷንም መልሳ በጨርቋ ጠቀለለቻት። ሳገባና ኮምቦልቻ ስወርድ ግን ከዕቃዬ መሀል በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለች ክብሪት አገኘሁ። አሁንም ኩሽና መደርደሪያዬ ላይ ናት፤ ሁለት እንጨት ጎድሏት፣ ከሁለት እሽግ ጨው አጠገብ።

ስለ ጨውም ልጻፍ። ከእኛ በር ፊት ለፊት አቶ ገብረ ማርያም የሚባሉ ጡረተኛ አሉ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በራቸው እስከ ረፋድ አይከፈትም ነበር። ልጄ ፈትሂያ አሥር ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ አንድ ስኒ አስይዛታለሁ።

«እማ፣ ጨው እኮ አለን! ሁለት እሽግ! ወላሂ፣ እንዳንቺ ያለ ቋጣሪ አላየሁም!»

«አውቃለሁ። ሂጂ። እስኪከፍቱልሽ ጠብቂ።»

ዛሬ ጠዋት እየሳቀች ተመለሰች። አቶ ገብረ ማርያም ተላጭተው፣ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጨዋታ ጀምረዋል አለች። «‹እናትሽን እንዲህ በያት› አሉኝ፤ ‹ይህ ሁሉ ጨው ደም ግፊት ነው፤ ለነገ ግማሽ ስኒ ብቻ ነው የምሰጥሽ፤ በሰዓቱ ነይ!›»

ወረቀቴን ሳብኩና ለመምህርት ሰዒዳ የመጨረሻውን መስመር ጻፍኩ፦ እኛ ቤት ጨው አይገዛም።